መልስ፦ ጎረቤቴ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ሕግ የለም ወይ?

እህቴ፣ ጎረቤትሽ እጣቢና ፌስታል በርሽ ላይ ባለው ቦይ እንደሚደፋ፣ ማታ ማታም ላስቲክ እንደሚያቃጥል ጽፈሽ «ሕግ የለም ወይ?» ብለሻል። አለ እንጂ!

የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 አንብቢ። ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ የለበትም ይላል። ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ጩኸትም ክልክል ነው። «ያለፈ» የምትለዋን ያዢ። የእንጀራ ጭስ መጣብኝ ብለሽ አትከሺም፤ በየምሽቱ ላስቲክ ግን ሌላ ነገር ነው። ፌስታሉንም በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከልክሎታል።

ግን ወደ ፍርድ ቤት አትሩጪ። ጎንደር ነው ያለነው፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ላኪበት። እምቢ ካለ ፎቶ ከነቀኑ ይዘሽ ለቀበሌ በጽሑፍ አመልክቺ። ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቺ፤ በቃል የነገርሽው ቢሮ ውስጥ ይቀራል። ቦዩ ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ የሚወርድ ከሆነ እሱንም ጻፊ፣ ጉዳዩ የሁለታችሁ ጠብ ብቻ አይሆንም። ክረምት ሳይገባ ቢሆን ይሻላል፤ ቦዩ ከተደፈነ ጎርፉ የሚገባው አንቺ ግቢ ነው።