ሰው ሳይሆን ጋራው ናፈቀኝ

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ትምህርቴን ስጨርስ አዲስ አበባ ገባሁ፤ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ትዳርና ሁለት ልጆች አሉኝ። ወላጆቼ አርፈዋል፣ እህቶቼም ከተማ ገብተዋል። እዚያ የቀረኝ የሩቅ ዘመድ ብቻ ነው። የሚናፍቀኝ እንግዲህ ሰው ሳይሆን ጋራው ነው። ከሰፈራችን በላይ ያለው ገደል፣ ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ሲወጡ፣ ጉሙ ሲገፈፍ ጅብራው አንድ በአንድ ብቅ ሲል ቢሮ ተቀምጬ ሁሉ ይታየኛል። ባለቤቴ የካዛንቺስ ልጅ ናት፤ «ደግሞ ድንጋይ ይናፍቃል?» እያለች ትስቅብኛለች። ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ነበር። ዘመድ ቤት ስበላና ስጠጣ ሰንብቼ ናፍቆቴ ሳይወጣልኝ ተመለስኩ፤ እንዲያውም ባሰብኝ። በሽታ ይሆን? ልጆቼስ ያንን አገር እንዲወዱት ምን ላድርግ? ጅብራ አምጥቼ በረንዳ ላይ ብተክል ይጸድቅልኝ ይሆን?
መንዜው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አጭሩ እርሱ ነውና። ጅብራውን እዚያው ይተዉት። ጅብራ የውርጭ አገር ተክል ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ የእርስዎ በረንዳ የቱንም ያህል ፎቅ ላይ ቢሆን እዚያ አይደርስም። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል መሆኑንም ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓሳ አገሬው ተስማምቶ የሚጠብቀው ጥብቅ ስፍራ ነው። የመንዝ ልጅ ሆነው ከዚያ ነቅለው ሲወርዱ ቢገኙ መልሱ ለእኔም ይከብደኛል።

በሽታም አይደለም። እንቅልፍና ምግብ እስከሚነሳዎ፣ ሥራ እስከሚያስፈታዎ ከደረሰ ሐኪም ያማክሩ፤ ደብዳቤዎ ግን የዚያ ዓይነት ሰው ደብዳቤ አይመስልም።

አሁን ወደ ፋሲካው ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። እርስዎ የሄዱት እንግዳ ሆነው ነው። እንግዳ በእኛ አገር ምን እንደሚደረግ እናውቃለን፤ መደብ ላይ ይቀመጣል፣ «ብላ፣ በሞቴ» ይባላል፣ ልውጣ ሲል «የት ትሄዳለህ፣ ብርድ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ሰንብተው ምናልባት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው ገደሉን አይተው ይሆናል፤ በስልክዎ ፎቶ አንስተውም ይሆናል። ልጅ ሳሉ ግን ያንን ገደል እንዲያ ቆመው አይተውት ያውቃሉ? እኔ አይመስለኝም። በግ ይጠብቁበት ነበር። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ጠርዙን ሲያልፍ ማማሩን ሳይሆን በጎቹ የት እንዳሉ ነበር የሚያስቡት። ገሳዎን ደርበው፣ መንጋውን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው፣ አንድ ሁለት እያሉ ይቆጥራሉ። የጋራው ጥላ የት ሲደርስ በጎቹ ወደ ቤት እንደሚመለሱ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይነጥፍ፣ ጭላዶቹ ደንግጠው ወደ ገደሉ ሲሮጡ ምን መጥቶ ሊሆን እንደሚችል፤ ይህ ሁሉ ሥራዎ ነበር። የናፈቀዎት በዚያ ዓይን ያዩት አገር ነው። መደብ ላይ ተቀምጠው ደግሞ ያ ዓይን አይገለጥም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፣ ጮቄ ሥር ያደግሁ። ለበዓል እየሄድኩ እንደ እርስዎ ሆዴ እየባሰው የምመለስበት ጊዜ ነበር። አንድ ኅዳር ላይ አጎቴ ዘንድ ስደርስ ገብስ ደርሶ አጨዳ ላይ ናቸው። አጎቴ ለወሬም ጊዜ አልነበረውም፤ ማጭድ አቀበለኝ። ወገቤ ተቆረጠ ማለት ይቀልላል፤ የገብሱ ጢም አንገቴ ሥር ገብቶ ሲያሳክከኝ፣ እጄ ሲላጥ ዋልኩ። ወገቤን ላሳርፍ ቀና ባልኩ ቁጥር ግን ጮቄ ፊት ለፊቴ ነበር፤ የማውቀው ጮቄ። አጎቴ ቀና ብዬ ስቆይ እያየ «ተራራው የትም አይሄድ፣ እጨድ» አለኝ። ያን ማታ እንደ ድንጋይ ተኛሁ፤ ናፍቆቴም ወጣልኝ። (የጎጃምን ገብስ ከመንዝ ገብስ ጋር ለማወዳደር አልተነሣሁም፤ ያ ሌላ ጠብ ነው።)

ስለዚህ ሲሄዱ ለበዓል አይሂዱ። ለአጨዳ ይሂዱ፣ ወይም ለአረም። መንገዱ የማይሞከርበት ጊዜ እንዳለ አልዘነጋሁም፤ ሰላም መሆኑን አስቀድመው ጠይቀው ይነሡ። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ሲታጠፉ መኪናው ውስጥ አይተኙ፤ መንደርዎ ከመድረስዎ በፊት ደግሞ ወርደው የመጨረሻዋን መንገድ በእግርዎ ይሂዱ። ጓሳ ላይ ከጫማ ሥር የሚነሣውን የጦስኝ ሽታ ፎቶ አያመጣልዎትም። ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ይልቅ ትዝታና ስሜት ወደሚያድሩበት የአንጎል ክፍል በአጭር መንገድ ይደርሳል፤ አንድ ሽታ ድንገት አፍንጫዎን ሲመታው ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ የሚወስድዎት በዚህ ነው። ለበረንዳው ናፍቆትም ቢሆን የደረቀ ጦስኝ አዲስ አበባ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ ሻይ ውስጥ ጨምረው ያፍሉት።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። «ሰው ሳይሆን ጋራው» ብለዋል። ጓሳ ሰው የሌለበት ጋራ ሆኖ አያውቅም። ሣሩ ዛሬ ድረስ የቆመው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ የሚባለው የአገሬው የጥበቃ ሥርዓት ስለጠበቀው ነው። የቀደምቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ግጦሹንም አጨዳውንም ከልክለው፣ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር። ያኔ ሁሉም እኩል ገብቶ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እርስዎ ለለበሱት ገሳ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የቀሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ አገሬው ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ አይጥ ሲያድን የሚታየው፣ ጭላዳም የሚግጠው ሣር ያላጣው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ያ ሜዳ የአያቶችዎ እጅ ሥራ አይደለም? አባትዎ እንዳያጭዱ የተከለከሉበት፣ እናትዎ የተፈቀደ ቀን በሸክም ያመጡት ሣር አይደለም? ጋራው ሲናፍቅዎት እነርሱም እየናፈቁዎት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማነብበው።

ለልጆችዎም መንገዱ ይኸው ነው። «እዩ፣ አያምርም?» ብለው ጠርዙ ላይ አያቁሟቸው፤ አንዴ አይተው ስልካቸውን ይጠይቁዎታል። በግ ከሚጠብቅ የዘመድ ልጅ ጋር ይልቀቋቸው። ደግሞ ደብተር ይያዙ። በእርስዎ ሰፈር እያንዳንዱ መስክ፣ ገደልና ምንጭ ስም አለው፤ ጅብ ዋሻ፣ ቆቅ ውኃ ዓይነት ስም፣ ካርታ ላይ የማይገኝ። አብዛኛውን የሚያውቁት እረኞችና ሽማግሌዎች ናቸው። ልጆቹ እየጠየቁ ይጻፉት፣ ስሙ ለምን እንደወጣም ይጠይቁ። የገደሉን ስም ራሱ የጻፈ ልጅ ገደሉን አይረሳውም፤ ባይወደው እንኳ ያውቀዋል፣ ያም ትንሽ አይደለም።

ባለቤትዎን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ይልቅ ለእርሳቸው አዘንኩ። የካዛንቺስ ልጅ ናቸው ብለዋል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ የአቅጣጫው ሄዷል። የእርስዎ ገደል እዚያው ቆሟል፤ እርሳቸው የተጫወቱበት ጥግ፣ ጎረቤት የተጠራሩበት አጥር የለም። ስለ ጓሳ ሲያወሩ የሳቁት ንቀው ሳይሆን፣ ሌላውን እንዳያወሩ ብለው ሊሆን ይችላል። አንድ ምሽት የእርስዎን ጋራ ትተው የእርሳቸውን ሰፈር ይጠይቋቸው። ያ ደብተር ለካዛንቺስም ቦታ አያጣም፤ የመንገዱን፣ የሱቁንና የጎረቤቱን ስም እርሳቸው ይናገሩ፣ ልጆቹ ይጻፉ።