ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ተዘግቶ የከረመው የከሰል መጥበሻ ሻገተ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳንርቅ ነው። ዓሣ የምንጠብስበት፣ ክዳን ያለው የሴራሚክ የከሰል መጥበሻ አለን። ፍልሰታ ሲገባ ዘግተን አስቀምጠነው ለዘመን መለወጫ ስንከፍተው ፍርግርጉም የተረፈው ከሰልም ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሰው አገኘናቸው። ባለቤቴ በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፍገው የ9 ዓመት ልጃችን አጠገቡ ነበረች። አስም አለባት፤ ሌሊቱን ስታስል አደረች። መጥበሻውን እንጣለው ወይስ ይጸዳል?

መልስ፦ ይጸዳል፣ አይጣሉት። ከልጅዎ ግን ልጀምር። ደረቅ ሻጋታ ሲፈገፈግ በዓይን የማይታየው ዘሩ እንደ ዱቄት ይቦንናል። ጤነኛ ሰው ሲስበው ቢበዛ ያስነጥሰዋል፣ ጉሮሮውን ይከረክረዋል። አስም ያለበት ሰው ግን የአየር ቧንቧው ተቆጥቶ ይጠብበታል። የታዘዘላትን የሚነፋ ሳልቡታሞል በታዘዘው መጠን ትውሰድ። ወስዳም ካልተሻላት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠራት፣ ስትተነፍስ በጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ሳሉ ቢቆምም በዚሁ ሳምንት ሐኪሟ ይያት።

የሳንባ ነቀርሳ ታክሞ ሳንባው ላይ ክፍተት የቀረበት፣ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያለ ወይም ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ካለም ከዚህ ሥራ ይራቅ። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ እንዲህ ባለ ሰው ሳንባ ውስጥ ሊያድግ ይችላል።

ሻጋታ ምግብና እርጥበት ካገኘ ይበቃዋል። ምግቡ ፍርግርጉ ላይ የደረቀው የዓሣ ቅባት ነው። እርጥበቱን ነሐሴ ያመጣዋል፤ ሴራሚኩ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ፣ አመዱና ከሰሉም በበኩላቸው ይመጡታል። የላይና የታች የአየር ቀዳዳዎች ተደፍነው ሲከርሙ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ከክዳኑ ውስጥ እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚረግፈው ጥቁር ነገር ግን አያስደንግጥዎ፤ ያ የተቃጠለ ቅባት ነው። ሻጋታ እንደ ጥጥ ብናኝ ይለሰልሳል።

የሻገተ እንጀራ ፊቱ ተጠርጎ የማይበላው የሻጋታው ሥር ውስጥ ድረስ ስለሚዘልቅ ነው። ሴራሚክና ብረትን ግን እሳት ያነጻቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሳት፣ ከዚያ ብሩሽ። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነበር።

ልጅቷ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ ትቆይ። ሥራውን የሚሠራው ሰው ኤን 95 ማስክና ጓንት ያድርግ፤ ስሱ የቀዶ ሕክምና ማስክ በጎኑ ያስገባል። የሻገተውን ከሰልና አመድ በእርጥብ ጋዜጣ ሸፍኖ ቀስ ብሎ ያውጣና በፌስታል አስሮ ይጣለው። እርጥብ አመድ ቆዳን ስለሚያቃጥል ጓንቱን አያውልቅ። ከሰሉን አድርቀን እንጠቀምበት አትበሉ።

ፍርግርጉን መልሰው ያስገቡና 2 ኪሎ ያህል አዲስ ደረቅ ከሰል ያቀጣጥሉ። የአየር ቀዳዳዎቹን ጠበብ አድርገው ሙቀቱን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት። ይህን አይዝለሉት፤ ውሃ የመጠጠ ሴራሚክ በአንድ ጊዜ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ከፍተው ወደ 300 ዲግሪ ያድርሱትና አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ክዳኑን በድንገት አይክፈቱት። ሦስት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርገው ጥቂት ሰከንድ ይታገሱ፤ አለዚያ እሳቱ አየር ሲያገኝ ነበልባሉ ፊት ላይ ይተፋል። ዝናብ ቢመጣም እሳት ያለበትን መጥበሻ ቤት ወይም ጋራዥ አያስገቡ፤ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

በማግስቱ፣ ፍጹም ሲበርድ፣ ያኔ ይቦረሽ። ፍርግርጉ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የብሩሹ ሽቦ ተሰብሮ እንዳይቀርና ከዓሣው ጋር እንዳይዋጥ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሴራሚኩን ግን ሳሙናም በረኪናም አያስነኩት፤ የመጠጠውን ሲሞቅ ወደ ምግቡ ይመልሰዋል። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በምንም ምክንያት አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ለጤነኛ ሳንባም አደገኛ ነው። በክዳኑ ጠርዝ ያለው የሱፍ ማሸጊያ ሻግቶ ከሆነ ይቀየር። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚጠበሰውን ዓሣ ልጅዎም ያለ ስጋት ትብላ፤ ጭሱ ግን እንዳያገኛት።

እንዳይመለስ፣ ከጠበሱ በኋላ ወዲያው አይድፈኑት። ቀዳዳዎቹን ከፍተው 15 ደቂቃ ያህል ይንደድና ቅባቱ ይቃጠል። ሲበርድ አመዱንና ትርፍ ከሰሉን ያውጡ፣ ሁለቱንም ቀዳዳ አንድ ጣት ያህል ክፍት ይተዉ። በላስቲክ አይጠቅልሉት፤ እርጥበቱን ያፍነዋል። ዝናብ የማያገኘው የቆርቆሮ ጥላ ይሻለዋል። የከሰሉን ማዳበሪያ ከሲሚንቶው አንስተው ጣውላ ላይ ያስቀምጡ። ጾም ሲረዝም፣ ምንም ባትጠብሱበትም፣ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ከሰል አንድዱበት።