አሮጌውን ኮምፒውተር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስጠግን ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን የምጽፈው አሮጌ ኮምፒውተር መሰብሰብ ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። ሥራችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ ማሽኑን ስታድኑ ውስጡ ያለውን ጽሑፍም አብራችሁ አድኑ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ የእኛን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ይዞ የመጣው ቪስታ በተባለው እትሙ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007። ከዚያ በፊት የምንጽፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። ብዙ ቢሮዎች ከዚያ በኋላም አልተዉአቸውም። እነዚህ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። ቦታው ደግሞ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ለፊደል የማይውል አለ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው። እነ ቋ፣ እነ ኳ፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመርበት አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ አዘጋጅ በራሱ መንገድ አደላደለው። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ዛሬ ያንን ፋይል ያለ ፎንቱ ብትከፍቱት የምታዩት የምልክት ትርምስ ነው።

ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን የብራና መጽሐፍ ግዕዝ የተማረ ሰው ገልጦ ያነበዋል። ስንት መቶ ዓመት አልፎታል። በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተተየበ የወረዳ ቃለ ጉባኤ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ፍሎፒ (የድሮው ተነቃይ የፋይል ዲስክ) ላይ ከቀረ ባለቤቱም አያነበውም። ይህ ያሳስበኛል።

ስለዚህ ማሽን ስትረከቡ ፍሎፒዎቹን፣ የፎንቱን ማስጫኛ ዲስክና ኪቦርዱን አብራችሁ ውሰዱ። ቁልፎቹ ላይ የተለጠፈውን የፊደል ስቲከር አትላጡ። ከየትኛው ቢሮ እንደመጣና ማን ይሠራበት እንደነበር ያኔውኑ ጻፉ።

ለማብራት አትቸኩሉ። ብዙ የድሮ ማሽኖች ከፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ሣጥን) ጀርባ ቀይ መቀየሪያ አላቸው፤ 115 ወይም 230 ይላል። በ115 ላይ እንዳለ የእኛ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ። 386 እና 486 በሚባሉት የድሮ ፕሮሰሰሮች ዘመን በተሠሩ ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የተበየደ በርሜል መሳይ ባትሪ አለ። ሲያረጅ ያንጠባጥብና የቦርዱን የመዳብ መስመር ይበላል። ቆርጣችሁ አውጡት። አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ትንሽ ኮምጣጤ የፈሰሰውን ኃይሉን ያከሽፈዋል። ከዚያ በአልኮል አጽዱትና በደንብ ይድረቅ። ወፍራሙን የድሮ ስክሪን ግን ባለሙያ ካልሆናችሁ በፍጹም አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሃርድ ዲስኩን ፈታችሁ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ውሰዱ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። የ3.5 ኢንች ፍሎፒ በዩኤስቢ ማንበቢያ ይነበባል። ትልቁ የ5.25 ኢንች ግን የራሱን ድራይቭ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ያን ድራይቭ ካገኛችሁ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። የሻገተ ዲስክ ሳታጸዱ አትክተቱ፤ የማንበቢያውን ራስ ያበላሽና ቀጥሎ የሚገባውን ዲስክ ይጭረዋል። የጣና ዳር እርጥበት በክረምት ለዲስክ ጠላት ነው። ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ ባለበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በፌስታል ጥርቅም አድርጎ ማሰር እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል።

ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሩ ዋናውን ፋይል እንዳለ አቆዩ። የመቀየሪያ ፕሮግራሞቹ ይሳሳታሉ። የተቀየረውን ከታተመ ወረቀት ጋር ማመሳከር ደግሞ ከሁሉም የከበደው ሥራ ነው። በቡድን ተከፋፈሉት።

ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል ብላችሁ በኬሚካል አታንጡት። በእኔ እምነት ያለቀውን መልክ ማሳመር ለዚህ ሥራ ምንም አይጨምርም። ሃምሳ የማይነሳ ማሽን ከመከመርም አምስት የሚሠራ ይሻላል። የቀሩት ለመለዋወጫ ይሁኑ።

ዲስክ ውስጥ የፍርድ ቤት፣ የመሬት ወይም የሕክምና ፋይል ብታገኙ ለማንም አታሳዩ። ለቢሮው አስረክቡ። ቢሮዎቹም ቢሆኑ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ዲስኮቹን እንዲያስቀሩላችሁ ቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ጨረታው ካለቀ በኋላ መለመን ዋጋ የለውም።

ታይፒስቶቹንም አትርሱ። በየከተማው በጡረታ የተገለሉ እናቶች አሉ። የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር ሲመታ ኳ እንደሚወጣ ጣታቸው ያስታውሳል። ማኑዋሉ ከጠፋ ከእነሱ ሌላ የሚነግራችሁ የለም። ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ኪቦርዱን ተሸክማችሁ ሂዱ። ሲተይቡ እጃቸውን በቪዲዮ ቅረጹ።