መልስ፦ ከደጀን በታች ያገኘኸው ዛጎል

ወንድሜ፣ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ፣ ሼል ከሚባለው እየተላጠ ከሚነሳው ድንጋይ ውስጥ ያገኘኸው ዛጎል ምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ፎቶውን አየሁት፣ ደስ ይላል! የባሕር እንስሳ ነው፣ አትጠራጠር። አካባቢው በጁራሲክ ዘመን፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ ባሕር ነበር። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ብዙ ቆይቶ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው።

አሁን ዛጎሉን ፊት ለፊት ያዘውና ከሾጣጣው ጫፍ እስከ ሰፊው ጠርዝ በመሃሉ መስመር እንዳለ አስብ። ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ አንደኛው ክዳን ከሌላው ከተለቀ ብራኪዮፖድ የሚባል ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ነው። ሾጣጣው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለችማ አለቀ፤ እንስሳው ከባሕሩ ወለል ጋር የሚያያዝበት እግሩ የሚወጣው በሷ ነበር። ግራና ቀኙ ተዛብቶ ሁለቱ ክዳኖች መንታ ከሆኑ ግን ባይቫልቭ ነው፣ እሱም ባለ ሁለት ክዳን ሆኖ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። ኦይስተር የሚባለው የባሕር ዛጎል ብቻ እንዳይሸውድህ፣ ባይቫልቭ ሆኖ ሳለ ክዳኖቹ እኩል አይደሉም።

በናትህ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፈው፣ ሼል ድንጋይ በውሃ ይፈርሳል። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልክ አጽዳው። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ዛሬውኑ ጻፍ፣ ለጂኦሎጂስት ዋናው እሱ ነው። ሌላ ከመቆፈርህ በፊት ደግሞ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳያቸው።