ከአንባቢያን፦ ስለ ማክ ሊያሞር መድረክ

ጥያቄ፦ ተዋናዩ ሚሃል ማክ ሊያሞር የተወለደው ለንደን ከሆነ፣ ከአየርላንድ ቲያትር መሥራቾች ተርታ የሚሰለፈው በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ በሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ለንደን ሲወለድ ስሙ አልፍሬድ ዊልሞር ነበር፤ በልጅነቱም የተወነው እዚያው ነው። ኋላ ግን የአይሪሽ ቋንቋ ተምሮ ስሙን ቀየረ። በነሐሴ 1928 ጎልዌይ ከተማ በአይሪሽ ቋንቋ የሚሠራው ታይቭያርክ ቲያትር ሲከፈት፣ የመክፈቻውን ተውኔት ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ራሱም ተወነበት።

ጥያቄ፦ ማክ ሊያሞርና ሂልተን ኤድዋርድስ የመሠረቱት የደብሊኑ ጌት ቲያትር ሥራ የጀመረው በጠባብ አዳራሽ ነው ይባላል። እንደ «ፒር ጊንት» ያለ ሰፊ ተውኔት እዚያ እንዴት ተቻለ?

መልስ፦ አዳራሹ ደብሊን የሚገኘው ፒኮክ የተባለው ትንሽ ቲያትር ነው፤ 102 መቀመጫ ብቻ ነበረው። በጥቅምት 1928 የኖርዌያዊውን ጸሐፌ ተውኔት የኢብሰንን «ፒር ጊንት» ሲያሳዩ ማክ ሊያሞር ብቻውን አልነበረም። በ1927 በአኒው ማክማስተር ተጓዥ ቡድን የተዋወቀው ሂልተን ኤድዋርድስ ዝግጅቱንና መብራቱን ያዘ፤ ማክ ሊያሞር ደግሞ የመድረክ ገጽታውንና አልባሳቱን። ጥንካሬያቸው ከዚህ የሥራ ክፍፍል የመጣ ይመስለናል።

ተውኔቱ ከተራራ ወደ በረሃ፣ ከበረሃ ወደ ባሕር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ዕቃ ልቀያይር ያለ አዘጋጅ በጨለማው ቆይታ ተመልካቹን ያጣል። ስለዚህ በጠባብ መድረክ ላይ ቦታን መለወጥ ያለበት መብራት ነው። ከፊት ብቻ ካበሩ የተዋናዩ ጥላ ከኋላው ሸራ ላይ ወድቆ የተሳለውን ተራራ ግድግዳ ያስመስለዋል። ከጎንና ከላይ ሲያበሩ ጥላው ወደ ወለሉና ወደ መድረኩ ዳር ይሄዳል፤ ተዋናዩንም ቢያንስ አንድ ሜትር ከሸራው ያርቁ። ጌት በ1930 ወደ ሮቱንዳ ሕንፃ ተዛውሮ ሰፋ ያለ መድረክ አገኘ።

ጥያቄ፦ የአንድ ሰው ተውኔት እያዘጋጀሁ ነው። ማክ ሊያሞር ስለ አየርላንዳዊው ደራሲ ኦስካር ዋይልድ ብቻውን በሠራው ትርኢት አንድ ምሽት ሙሉ ተመልካቹን እንዴት ያዘ?

መልስ፦ ዋይልድን አልመሰለም። በ1960 የጀመረውና ኤድዋርድስ ያዘጋጀው ይህ ትርኢት ተራኪውን «እሱ» እያለ እንዲናገር ያደርገዋል፤ ገጸ ባሕርያቱና ደብዳቤዎቹ የሚገቡት በትረካው መካከል ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ሰውየውን በድምፅና በአካሄድ አስመስሎ የጀመረ ተዋናይ ያንኑ ድምፅ እስከ መጨረሻው መሸከም አለበት፤ ተመልካቹም ሐዘኑን ትቶ ማስመሰሉን ይመዝናል። ተራኪ ግን ከሳቅ ዋይልድ ታስሮ ሳለ ወደ ጻፈው ደብዳቤ ለመሻገር አንድ ዕረፍት ይበቃዋል።

እርስዎም ጽሑፉን ለሁለት ይክፈሉት፤ የባለታሪኩ ከፍ ማለት ከእረፍት በፊት፣ ውድቀቱ ከእረፍት በኋላ። ረጅም ጥቅሶችን ጎን ለጎን አይደርድሩ፤ በሁለቱ መሐል በራስዎ ድምፅ የሚነገር አጭር ትረካ ያስገቡ። የመቆሚያና የመቀመጫ ቦታዎችንም በልምምድ ወቅት ይወስኑ። ያለ ምክንያት መንጎራደድ ከቃል መርሳት ይልቅ የአንድ ሰው ተውኔትን ይጎዳል፤ ተመልካቹ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ተዋናይ የለምና።