«ደግነቱ ከዚያ ወዲህ ተናግሮ አያውቅም»

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። 7ኛ ክፍል የሚማር የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ጨዋ ነበር፤ ዘንድሮ ግን መጥፎ ጓደኞች ይዘው አበላሹብኝ። ከቦርሳዬ ገንዘብ ይወስዳል፤ ባለፈው 200 ብር ጠፍቶኝ ብጠይቀው ዓይኔን እያየ ካደ። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ከክፍል በኋላ ጌም ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ሹራቡን ሁለት ጊዜ ጥሎ መጥቷል። ድሮ አብሮት ያጠና የነበረው የጎረቤታችን ልጅም ቤታችን መምጣት ትቷል። ማታ ሲገባ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ሽንት ቤት ነው የሚሮጠው። አምና «መቱኝ» እያለ ያለቅስ ነበር፤ አባቱ «አንተ እጅ የለህም? ወንድ አይደለህም?» ብሎ ተቆጣው፤ ደግነቱ ከዚያ ወዲህ ተናግሮ አያውቅም። አሁን ደብረ ብርሃን አያቱ ጋ ልልከው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ የጻፉልኝ ስለ ሌብነት ነው። እኔን ግን የያዘኝ የሽንት ቤቱ ነገር ነው። ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ቦርሳውን ሳያወርድ የሚሮጠው ቀኑን ሙሉ ይዞት ስለዋለ ነው። ቆሻሻው አስጠልቶት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በብዙ ትምህርት ቤት ያለ ችግር ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤት ሽንት ቤት መምህር የማይቆምበት ቦታም ነው። ጉልበተኛ የሚፈራ ልጅ ቶሎ ከሚሸሻቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ምናልባት ጠዋት ውሃ መጠጣትም ቀንሶ ይሆናል፤ ልብ ብለው ይዩት።

ይህን ከሹራቡ፣ ከገንዘቡና ከአምናው ለቅሶ ጋር ሳገናኘው፣ «መጥፎ ጓደኞች» ያሏቸው ሦስቱ ልጆች አምና ይመቱት የነበሩት ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ። ልጁን አላየሁትምና ልሳሳት እችላለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን 200 ብሩ እንዳይመቱት የሚከፍለው ነው፤ የጌም ቤቱንም ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ «ፋራ» ተብሎ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ መቆም ከዱላው ይብሳል። ስለዚህ ከሚመቱት ጋር አብሮ መሳቅን መረጠ።

አሁን «ደግነቱ» ወዳሉት ቃል ልመለስ፤ ከደብዳቤው ሁሉ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ዝም ሲል የተሻለው መስሎዎታል። እስቲ ያን ምሽት በልጁ ቦታ ሆነው ያስቡት። ቀን ሲመቱት «ፈሪ» ብለውታል። አልቅሶ ቤቱ ሲገባ አባቱ ያንኑ ስድብ በሌላ አነጋገር ደገመለት። ልጆቹ ያሉት እውነት መሆኑን ከሚወደው ሰው አፍ ሰማ። ከዚያ በኋላ መናገር ለእሱ ዳግም መመታት ነው። ዘንድሮ ዓይንዎን እያየ የካደውም ለዚህ ይመስለኛል። ገንዘቡን መውሰዱን ቢያምን «ለምን ወሰድክ?» ይባላል፤ ለምን እንደወሰደ ቢናገር ደግሞ እንደገና «ወንድ አይደለህም?» ሊባል ነው። ሌባ መባል ፈሪ ከመባል ቀለለው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለወቀሳ አይደለም። ያን ምሽት እርስዎ ምን አሉት? በደብዳቤው ውስጥ ልጁ ያለቅሳል፣ አባቱ ይቆጣል፤ የእርስዎ ድምፅ ግን የለም። ምናልባት ነገሩ እንዳይካረር ብለው ዝም ብለው ይሆናል። ልጅ ግን የእናቱን ዝምታ ከአባቱ ቁጣ ጋር አንድ አድርጎ ነው የሚወስደው።

አባቱንም በክፋት አልጠረጥረውም። ብዙዎቻችን ያደግነው «ልጆች ተጣልተው ይታረቃሉ» ሲባል እየሰማን ነው፤ ለእኩዮች ጠብ እውነትም ነው። በስዊድንና በኖርዌይ የጉልበተኛ ተማሪዎችን ጥቃት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳን ኦልዌውስ ግን ጥቃቱ ከተራ ጠብ የሚለይባቸውን ሦስት ነገሮች አሳይቷል፦ ሆን ተብሎ መጉዳቱ፣ መደጋገሙና የጉልበት አለመመጣጠኑ። ሦስት ሆነው አንዱን ሲይዙት እኩል ጠብ የለም። «አንተስ ለምን አልመታህም?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ልጅ መልስ የለውም።

ደብረ ብርሃን መላኩን ለአሁኑ ያቆዩት። እርስዎ ሊያድኑት ነው፤ እሱ ግን ተመትቶ፣ ከፍሎ፣ በመጨረሻም ከቤት የወጣው ራሱ እንደሆነ ነው የሚቆጥረው። በዚያ ላይ ለከርሞ የ8ኛ ክፍል ፈተና አለበት። ትምህርት ቤቱ ሊጠብቀው ካልቻለ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ ይመጣል፤ ያኔም ከእሱ ጋር ተመካክራችሁ።

የ200 ብሩን ነገር መነሻ አያድርጉት። አስቀምጠው ከሚመረምሩት አብራችሁ ስትሄዱ፣ ገበያም ቢሆን፣ ጎን ለጎን ሆነው ያነጋግሩት፤ እኔ ጋ የሚመጡ ልጆችም ዓይን ለዓይን ሲያይዋቸው ይዘጋሉ። ከተቻለ አባቱ «ያን ቀን የተናገርኩህ ልክ አልነበረም» ይበለው። ይህን ማለት ለአባት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ ምክር ሁሉ ግን ይህ ቢደረግ እመርጣለሁ። ስም ጠሪ መምህሩን ለብቻቸው ያነጋግሩ፤ ልጁ በሰልፍ ላይ ወይም በክፍል ፊት እንዳይጠራ አደራ ይበሏቸው፤ በዕረፍት ሰዓት ሽንት ቤቱ አካባቢ ማን እንደሚቆምም ይጠይቁ። የልጆቹን ወላጆች ቤት ሄዶ መጣላት ብዙ ጊዜ ዱላውን ያበዛበታል።

የጎረቤታችሁን ልጅም አይርሱት። በካናዳ በትምህርት ቤት ግቢዎች የተቀረጹ ምስሎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። የጎረቤታችሁ ልጅ ተጋፍጦ ያስጥለው ማለቴ አይደለም። አብሮት ወደ ቤት የሚመለስ አንድ ልጅ መኖሩ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ለምን እንደቀረም ቀስ ብለው እናቱን ይጠይቁ።

በአካል የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያገኙ ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ እርስዎና አባቱ ያለ ልጁ ቢሄዱ ይሻላል። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ነገር ከተናገረ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን አንድ ቀን አይጠብቁ፤ አማኑኤልን በመሳሰሉ የአእምሮ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች ያሳዩት። ስሙ አያስደንግጥዎ።

ወዲያው ይናገራል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ዓመት ያስቆጠረ ዝምታ ነው፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። አንድ ቀን ማታ ገብቶ ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ጫማውን ፈቶ፣ «እማ፣ የሚበላ አለ?» ካለዎት ይጻፉልኝ።