መልስ፦ ሮም እየተማሩ ታሪካዊ ቦታዎችን ስለ መጎብኘት

ሰላም ወንድሜ። ከጅማ ወደ ሮም ለትምህርት ልትሄድ እንደሆነ ገልጸህ፣ በተማሪ ኪስ ታሪካዊ ቦታዎችን ማየት ይቻላል ወይ ብለሃል። እዚያው የተማርኩ የጅማ ልጅ ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

ይቻላል። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ሥፍራዎች በነጻ ይከፈታሉ፤ ኮሎሲየምም ጭምር። ሰልፉ ግን ለጉድ ነው፣ በማለዳ ድረስ። የወጣቶች ቅናሽ በአብዛኛው ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ስለሆነ በተማሪ መታወቂያህ ብዙ አትመካ።

ከኮሎሲየም በፊት ግን ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ እይ። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል እንጂ እነማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ሰርከስ ማክሲመስ ወደሚባለው ጥንታዊ የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ውረድ። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ አጠገብ፣ ከፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። ለአበሻ ከዚህ የሚበልጥ የሮም ጉብኝት የለም ባይ ነኝ።

ፓንቴዎን የሚባለውን ጥንታዊ የሮማውያን ቤተ መቅደስ በዝናብ ቀን ግባበት። ጉልላቱ አናቱ ላይ ክፍት ስለሆነ ዝናቡ ቀጥ ብሎ እብነ በረዱ ላይ ይወርድና በወለሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል።

እስከዚያው የጅሬንን ዳገት ወጥተህ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኝ። የክፍል ጓደኞችህ ስለ አገርህ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጅማ አድጎ አላየሁትም ማለት ያሳፍራል።